መንገዱ ተጠረገ፤ መጓጓዣውስ?

የጃናሞራ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በመካነ ብርሃን ገበያ የአንድን በግ ዋጋ የሚወስነው የበጉ ስብነት ብቻ አይደለም። በዚያ ዕለት ከደባርቅ መኪና መግባት አለመግባቱም ዋጋውን ይወስናል። መኪና በገባ ጊዜ ነጋዴው ይበረክታል፤ ገበሬውም ተከራክሮ ይሸጣል። መኪና በቀረ ጊዜ ግን ገበሬው በተባለው ዋጋ መሸጥ፣ አለዚያም በጉን እየነዳ በመጣበት ዳገት መመለስ ግዴታው ይሆናል። ምጥ ለጠናባት እናት ደግሞ ነገሩ የዋጋ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የሕይወት ጉዳይ ነው። መኪና ከሌለ ቃሬዛ ይታሰርላታል፤ የሰፈሩ ጎልማሶች እየተፈራረቁ ይሸከሟታል፤ የቀረው ለእግዚአብሔር ይተዋል።

ስለ ገጠር ልማት በተነገረ ቁጥር መንገድ ከሁሉ አስቀድሞ ይጠራል። መጠራቱም ተገቢ ነው። ነገር ግን መንገድ በራሱ ሰውንም እህልንም አያደርስም። በታወቀ ቀንና ሰዓት፣ ገበሬው ሊከፍለው በሚችል ዋጋ የሚመላለስ መኪና ከሌለ፣ የተጠረገው መንገድ ለእግረኛና ለበቅሎ ብቻ የተመቸ ሆኖ ይቀራል። ስለሆነም ለመንገድ ሥራ የሕዝብ ገንዘብ እንደሚመደብ ሁሉ፣ በመንገዱ ላይ ለሚመላለሰው የሕዝብ መጓጓዣም በጀት ሊመደብለት ይገባል። ይህ ለደጋው ሕዝብ የሚደረግ ችሮታ አይደለም። ለመንገዱ የወጣው ገንዘብ ፍሬ እንዲሰጥ የሚያደርግ ቀሪ ሥራ ነው።

የስሜን ደጋና የመንገድ ነገር የቆየ ታሪክ አላቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባት ደረስጌ ማርያም የምትገኘው በዚሁ በጃናሞራ ነው። እኚሁ ንጉሠ ነገሥት በዘመናቸው መጨረሻ ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ ከደብረ ታቦር አካባቢ ወደ መቅደላ ለማድረስ ገደል እያስናዱ፣ ራሳቸውም ድንጋይ እያነሡ መንገድ ማሠራታቸው የታወቀ ነው። መንገዱ የተሠራው ግን ለመድፍ እንጂ ለመንገደኛ አልነበረም። ከዚያም በኋላ በጣሊያን ወረራ ዘመን ጐንደርን ከአሥመራ ለማገናኘት የተቀየሰው የሊማሊሞ ጠመዝማዛ በቅድሚያ የታሰበው ለወራሪው ጦር መተላለፊያ ነበር። ባላገሩ መንገድ ሲሠራ ብዙ ጊዜ አይቷል፤ ለእርሱ ተብሎ የተሠራውን ያየው ግን ዘግይቶ ነው።

በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በዚያው ዓመት አገሪቱ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር ከዓለም ባንክ ተበደረች። ዛሬ ነገሩ ከዚያን ጊዜው ጋር አይወዳደርም። በ1989 ዓ.ም. 26,550 ኪሎ ሜትር የነበረው የአገሪቱ የመንገድ ርዝመት፣ ሃያ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከ100 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራምም ቀበሌዎችን ሁሉ ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ የማገናኘት ዓላማ ይዞ የተነሣ ነበር። በየቀበሌው ያለው ገበሬ በጉልበቱም በገንዘቡም ተካፍሎበታል። ይህ ትልቅ ሥራ መሆኑን አሌ የሚል የለም።

ይሁን እንጂ በዚህ ሁሉ ዕቅድ ውስጥ የሚቆጠረው ኪሎ ሜትር ነው። ስንት ኪሎ ሜትር ተጠረገ፣ ስንት ድልድይ ተሠራ፣ ስንት ቀበሌ ተገናኘ ይባላል። በመንገዱ ላይ በሳምንት ስንት ጊዜ የሕዝብ መኪና ተመላለሰ፣ ታሪፉስ ስንት ነው የሚለው ግን እምብዛም አይጠየቅም። የማይጠየቅ ነገር በጀት አይያዝለትም፤ በጀት ያልተያዘለት ነገር ደግሞ ለባለንብረቱ ትርፍና ኪሣራ የተተወ ይሆናል።

የሰሜን ጐንደር ሁኔታ ይህን በግልጽ ያሳያል። ከጐንደር እስከ ደባርቅ ያለው 100 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አስፋልት ነው። መንገደኛው ብዙ፣ መመላለሻውም አጭር ስለሆነ ባለሚኒባሱም ባለአውቶቡሱም ሳይለመን ይሠራበታል። ከደባርቅ ወዲያ ግን ነገሩ ይለወጣል። በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በኩል ወደ መካነ ብርሃን የሚያልፈው የቆየው መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የቧሂትን በር ይሻገራል። ከመካነ ብርሃን አልፎ ወደ በየዳ ወረዳ፣ ወደ ድልይብዛ የሚሄድ ሰው ደግሞ ገና ብዙ ዳገትና ቁልቁለት ይጠብቀዋል። ጠጠሩ ጎማ ይበላል፤ ዳገቱ ነዳጅ ይጨርሳል፤ ጭጋግና ውርጭ ሾፌሩን ያዘገየዋል፤ ክረምቱም መንገዱን ይቆርጠዋል።

ባለመኪናው ወደዚህ መስመር ለምን እንደማይመጣ ለመረዳት ቀላል ሒሳብ ይበቃል። ለምሳሌ ያህል 24 ሰው የሚጭን መኪና ሲሄድ ሞልቶ በመልሱ 8 ሰው ብቻ ቢያገኝ፣ በደርሶ መልሱ ከነበሩት 48 መቀመጫዎች ገንዘብ ያስገቡት 32ቱ ብቻ ናቸው። ገቢው በአንድ ሦስተኛ ጐደለ ማለት ነው። ነዳጁ፣ ጎማው፣ ባሌስትራው፣ የሾፌሩና የረዳቱ አበል ግን በአንድ ሦስተኛ አይጐድሉም። ባለንብረቱ ያለው ምርጫ ሦስት ነው። አንደኛው ከታሪፍ በላይ ማስከፈል ነው። ሁለተኛው ትርፍ መጫን ነው። ሦስተኛው መኪናውን አስፋልት ወዳለበት መስመር መውሰድ ነው። ሦስቱም የሚያርፉት በገበሬው ጫንቃ ላይ ነው። መንገደኛው በአይሱዙ ጭነት ላይ፣ በእህል ጆንያና በበግ መካከል ተቀምጦ ቧሂትን ለመሻገር የሚገደደው ከዚህ የተነሣ ነው። ትርፍ የጫነውን ሾፌር መቅጣት ተገቢ ነው። ነገር ግን ቅጣት ብቻውን ትርፉን ሰው ከመኪና ያወርደዋል እንጂ ሌላ መኪና አያመጣለትም።

ተሳፋሪው የሚከፍለው ገንዘብ ወጪውን በማይሸፍንበት ቦታ መንግሥት ጉድለቱን መሙላቱ ደግሞ በአገሪቱ አዲስ ነገር አይደለም። የአዲስ አበባ የአንበሳ አውቶቡስ ለብዙ ዘመን በድጎማ ሲሠራ ኖሯል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማዋ ቀላል ባቡር 475 ሚሊዮን ዶላር የፈሰሰበትና አብዛኛው ገንዘብ ከቻይና በብድር የተገኘ ሲሆን፣ ከቲኬት የሚሰበሰበው ገቢ ወጪውን እንደማይሸፍን ኃላፊዎቹ በይፋ ሲናገሩ ቆይተዋል። እንዲህም ሆኖ የከተማው ሠራተኛ ከቤቱ ወደ ሥራው መድረስ ስላለበት አገልግሎቱ አስፈላጊ ነው ተብሏል። ትክክልም ነው። ታዲያ የከተማው ሠራተኛ ወደ ሥራው እንዲደርስ የሕዝብ ገንዘብ ሲወጣ፣ የጃናሞራ ገበሬ ወደ ገበያው፣ ልጁም ወደ ትምህርት ቤቱ፣ ሚስቱም ወደ ሐኪም ቤት እንዲደርሱ ምንም የማይወጣበት ምክንያት ምንድን ነው? ከተሜው ብዙ ነው ከተባለ እውነት ነው። የገጠሩ ሰው አማራጭ የሌለው መሆኑም እንደዚያው እውነት ነው።

በ2014 ዓ.ም. ማለቂያ የነዳጅ ድጎማው በየደረጃው እንዲነሣ ሲወሰን፣ ለሕዝብ ማመላለሻ መኪናዎች የተለየ ድጎማ እንዲቀጥል ተደርጎ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው። አሠራሩ ግን የተመዘገበ የሕዝብ መኪና ነዳጅ ሲቀዳ በቴሌብር የዋጋውን ልዩነት የሚያገኝበት ነበር። ድጎማው የሚከተለው መኪናውንና ነዳጅ ማደያውን ነው፤ መንገደኛውን አይደለም። የሕዝብ መኪና በማይደርስበት ቀበሌ በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ ለሚሄደው ሰው ከዚህ ድጎማ የሚደርሰው ነገር የለም። ስለዚህ ብዙ መኪና ያለበት ከተማ ብዙ ተደጉሟል፤ መኪና የሌለበት ደጋ ምንም አላገኘም። የደጋው ሰው ግን ለነዳጅ የሚከፈለውን በተዘዋዋሪ ይከፍላል። ጨውና ስኳር፣ ሳሙናና ማዳበሪያ ወደ መካነ ብርሃን በወጡ ቁጥር የመኪናው ኪራይ በዋጋቸው ላይ ተጨምሮ ይጠብቀዋልና።

የጥገናውም ጉዳይ ከዚሁ የሚለይ አይደለም። በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ በነዳጅ ላይ ከሚታሰብ ቀረጥ የሚሰበሰበውን ገንዘብ ለመንገድ ጥገና እንዲያውል የታሰበ ነው። ክፍፍሉም 70 በመቶ ለፌዴራል መንገዶች፣ 20 በመቶ ለክልሎች፣ 10 በመቶ ለከተሞች ሆኖ ሲሠራበት ቆይቷል። ለክልል የሚደርሰው በየወረዳው ሲበተን ለቀበሌ መንገድ የሚተርፈው ጥቂት ነው። የጠጠር መንገድ ደግሞ እንደ ጎጆ ክዳን በየዓመቱ ካልተጠገነ ያፈሳል። ከሰኔ በፊት ያልተጠረገ ቦይ በነሐሴ መንገዱን ይዞት ይሄዳል። መንገዱ አንድ ቦታ ላይ ተቆረጠ ማለት ደግሞ ከዚያ ወዲያ ያለው ኪሎ ሜትር ሁሉ ለመኪና የለም ማለት ነው። በየቀበሌው ቦይ የሚጠርጉ፣ ድንጋይ የሚያነሡ፣ የተቦረቦረውን የሚሞሉ ጥቂት ሰዎች በቋሚነት ተቀጥረው ቢሠሩ፣ ለእነርሱ የሚወጣው ደመወዝ በየሦስትና አራት ዓመቱ መንገዱን እንደገና ለመሥራት ከሚወጣው እጅግ ያነሰ ይሆናል።

ወጪው ሁሉ ከመንግሥት ካዝና ብቻ ይውጣ ማለት አይደለም። ሕዝቡ ለመንገድ ለመክፈል ፈቃደኛ መሆኑን ያስመሰከረበት ጊዜ አለ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የተቋቋመውና ጄኔራል ወልደ ሥላሴ በረካ የመሩት የጉራጌ ሕዝብ የመንገድ ሥራ ድርጅት በከተማ ከሚነግደው ተወላጅና በአገር ቤት ካለው ገበሬ መዋጮ እየሰበሰበ፣ ከአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ጋር ተባብሮ መንገድ ማሠራቱ ለብዙዎች ምሳሌ ሆኗል። የዚያ ሥራ ምሥጢሩ ሁለት ነበር ማለት ይቻላል። ሕዝቡ ያዋጣው ገንዘብ ወደ መንገድ ሲለወጥ በዓይኑ አይቷል፤ መንግሥትም ሕዝቡን ብቻውን አልተወውም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው የተባለው ለእንዲህ ያለው ሥራ ነው።

የሰሜን ጐንደር ተወላጅም በጐንደርና በአዲስ አበባ፣ በውጭ አገርም ጭምር አለ። ቤተ ክርስቲያን ለማሠራት፣ ትምህርት ቤት ለማሳደስ ሲጠየቅ እጁ አይታጠፍም። ለአንድ የሕዝብ መኪና መግዣ ወይም ለአንድ ዓመት የመስመር ድጎማ ቢጠየቅ የሚያሳፍር አይሆንም። ነገር ግን መዋጮ በፈቃድ ሲሆን መዋጮ ነው። ከማዳበሪያ ዕዳ ጋር ተደርቦ ወይም ከደመወዝ ሳይጠየቅ ተቆርጦ የሚወሰድ ከሆነ ስሙ ሌላ ነው። ለሰጠው ደረሰኝ የተቆረጠለት፣ ገቢና ወጪው በወረዳው ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ የሚያነበው ሰው በሚቀጥለው ዓመትም ይሰጣል። ሒሳቡን ያልሰማ ግን ሁለተኛ አይሰጥም፤ ቢቀርም አይፈረድበትም።

የሌሎች ተራራማ አገሮች ልምድም ከዚህ የራቀ አይደለም። በስዊዘርላንድ የፖስታ መሥሪያ ቤቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1906 ጀምሮ ደብዳቤና ሰው አብሮ የሚጭን አውቶቡስ ወደ ገጠር ማሰማራት ጀመረ። ዛሬ በዚያች አገር ቢያንስ 100 ሰው የሚኖርበት መንደር የሕዝብ መጓጓዣ እንዲደርሰው በደንብ የተወሰነ ሲሆን፣ ከቲኬት ገቢ የሚጐድለውን የማዕከላዊው መንግሥትና ክልሎቹ ተካፍለው ይከፍላሉ። ስዊዘርላንድ ሀብታም አገር ናት ይባል ይሆናል። ሕንድ ግን በ2000 የገጠር መንገድ ፕሮግራሟን ስትጀምር ለሜዳው አገር 500 ነዋሪ ያለውን መንደር መነሻ ስታደርግ፣ ለተራራማው አገር 250 ነዋሪ ይበቃል ብላ ነበር። ገንዘቡንም ያገኘችው በናፍጣ ላይ ከጣለችው ቀረጥ ነው። ከሁለቱ የሚወሰደው ትምህርት አንድ ነው። ተራራ ላይ የሚኖር ሰው በሜዳ መለኪያ ከተለካ ምንጊዜም ተራው አይደርሰውም። ስለዚህ ለተራራው የራሱ መለኪያ ሊወጣለት ይገባል።

በስሜን የመንገድ ነገር ሲነሣ የፓርኩ ጉዳይ አብሮ መነሣቱ አይቀርም። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. በአዋጅ የተከለለ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ የገባው በዋልያ ቁጥር መመንመንና በመካከሉ በሚሠራው መንገድ ጭምር ሲሆን፣ ከመዝገቡ የወጣው በ2017 ነው። ዋናውን መንገድ ከፓርኩ ውጭ የማሳለፉ ጉዳይም ለዓመታት ሲነሣ ቆይቷል። ዋልያና ጭላዳ የአገር ሀብት ናቸው፤ ሊጠበቁ ይገባል። ይሁን እንጂ ፓርኩን ጠብቁ የተባለው ገበሬ በምትኩ መተላለፊያ ሊያጣ አይገባውም። ሰዓትና ፍጥነት ተወስኖለት የሚመላለስ አውቶቡስ፣ በየሰዓቱ ከሚግተለተሉ የጭነት መኪናዎች ይልቅ ለአውሬውም ለሰውም ይሻላል። ከፓርኩ ውጭ የሚያልፈውን መንገድ ማጠናከርና ክረምት ከበጋ ማስኬድም ጥበቃውንና ልማቱን ያስታርቃል።

ይህ ሁሉ ለምን ጊዜ እንደማይሰጠው ያለፉት ዓመታት አሳይተዋል። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. ጃናሞራንና በየዳን ጨምሮ በሰሜን ጐንደር ወረዳዎች የደረሰው ድርቅ ብዙ ከብት ጨርሷል፤ ብዙ ሰውም ቀዬውን ለቆ እንዲሰደድ አድርጓል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የዕርዳታ እህል የሚደርሰው በዚያው መንገድ፣ በዚያው ቁልቁለትና ዳገት ነው። በደኅናው ጊዜ ያልተጠገነ መንገድ በክፉ ቀን አይከፈትም። በደኅናው ጊዜ መኪና ያልለመደው መስመርም በክፉ ቀን ሾፌር አያገኝም። ከብቱ ሳይከሳ ወደ ገበያ አውርዶ መሸጥ የቻለ ገበሬ ስንቁን ይገዛል፤ ያልቻለ ግን ከብቱንም ስንቁንም ያጣል። ለመጓጓዣ ያልወጣው ገንዘብ ዞሮ ዞሮ ለዕርዳታ ይወጣል፤ ያውም በእጥፉ።

የሰላም ጉዳይም ከመጓጓዣው ተለይቶ አይታይም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት እስከ ደባርቅ አቅራቢያ ደርሶ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ማለቂያ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው የትጥቅ ግጭትም መንገድ ሲያዘጋ፣ መንገደኛ ሲያስቀር ቆይቷል። መሣሪያ የያዘ ሁሉ ሊያስብበት የሚገባው ነገር አለ። የተዘጋ መንገድ በቅድሚያ የሚዘጋው በሕመምተኛና በወላድ ላይ ነው። በ1947 ዓ.ም. በጐንደር የተቋቋመው የጤና ኮሌጅ የገጠሩን ሕዝብ የሚያገለግሉ የጤና ባለሙያዎችን እንዲያፈራ ታስቦ ነበር፤ ብዙዎችንም አፍርቷል። ባለሙያው ቢገኝም ሕመምተኛው ካልደረሰለት ግን ሙያው ብቻውን አያድንም። ስለዚህ የሕዝብ መኪናና አምቡላንስ ከማንኛውም ወገን ሳይነካ እንዲያልፍ ማድረግ የሁሉም ግዴታ ነው።

መፍትሔው ከዐቅም በላይ አይደለም። ክልሉና ዞኑ ባለንብረት የማይደፍራቸውን መስመሮች ለይተው ማወቅ ይችላሉ። ከደባርቅ መካነ ብርሃን፣ ከመካነ ብርሃን ድልይብዛ ያሉት በመጀመሪያ ረድፍ የሚሰለፉ ናቸው። ለእነዚህ መስመሮች የሚከፈለው ድጎማ ለመኪናው ባለቤት በጅምላ ሳይሆን፣ በተመላለሰው ጉዞ ልክ ይሁን። የሚሠራው ባለንብረት ወይም ማኅበር በጨረታ ይመረጥ። የተመላለሰ ይከፈለው፤ የቀረ አይከፈለው። መኪናው ከመሬት ከፍ ያለ፣ ለጠጠርና ለዳገት የሚሆን እንዲሆን ይደረግ። የመነሻው ቀንና ሰዓት፣ ታሪፉም ጭምር በመናኸሪያውና በየገበያው ይለጠፍ። በሳምንት ሁለት ቀን የታመነ ጉዞ፣ በየዕለቱ ይመጣል ተብሎ ከሚቀር መኪና ይሻላል። ገበሬው ማክሰኞ መኪና እንደሚኖር ካወቀ በጉን ለማክሰኞ ያደርሳል፤ ነፍሰ ጡሯም ቀኗ ሳይገፋ ወደ ሐኪም ቤት ትወርዳለች።

እንዲህ ያለ ገንዘብ ይባክናል የሚሉ ይኖራሉ። ሥጋታቸው መሠረት የለውም አይባልም፤ ያለተቆጣጣሪ የተሰጠ ድጎማ ብዙ ጊዜ የሰጪውን ዓላማ ስቶ ቀርቷል። መድኃኒቱ ግን ድጎማውን መተው ሳይሆን በጉዞ ልክ መክፈልና ተሳፋሪው ራሱ ተቆጣጣሪ እንዲሆን ማድረግ ነው። መኪናው መምጣት አለመምጣቱን ከመካነ ብርሃን ገበያተኛ የበለጠ የሚያውቅ ተቆጣጣሪ ከጐንደርም ከባሕር ዳርም አይላክም። ወረዳው በየወሩ የተደረጉትን ጉዞዎች ብዛት ቢያስነብብ፣ ሐሰቱን ሕዝቡ በአንድ ቀን ገበያ ያጋልጠዋል።

የደጋው ገበሬ ለመንገዱ ጉልበቱን አውጥቷል፤ ድንጋይ ተሸክሟል፤ ከሌለው ላይ አዋጥቷል። ቃሉን ጠብቋል። አሁን ተራው ዕቅድ አውጪው፣ በጀት መዳቢውና ከአገር ርቆ ያለው ተወላጅ ነው። በሚቀጥለው በጀት ለስንት ኪሎ ሜትር ገንዘብ ተያዘ ከሚለው ጥያቄ ጎን፣ በተሠራው ኪሎ ሜትር ላይ ስንት ጊዜ የሕዝብ መኪና ይመላለሳል የሚለው አብሮ ሊጠየቅ፣ መልሱም በብር ተተምኖ በበጀቱ ላይ ሊሰፍር ይገባል።